ለቀኑ የተተወ ዝምታ

መስከረም 20 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ ለጥያቄዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔና እናትሽ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደማይጥምሽ አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ደብዳቤ እኮ ድሮ ቀረ» ብለሽኛል። እኔ ግን ስልክ ላይ ረጋ ብዬ ማሰብ አይሆንልኝም። ደግሞስ በስልክ የሚያወራ ሰው፣ የሚሰማው አንድ ጆሮ ብቻ መሆኑን በምን ያውቃል? ወረቀት ቢያንስ ሲከፈት ያስታውቃል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። እናትሽ መነጽሬ ላይ ተቀመጠችበት። ያ ወፍራሙ ጥቁር መነጽሬ፣ ዜና ማንበብ ከጀመርሁ አንሥቶ አገር ሁሉ ከፊቴ ጋር አብሮ የሚያውቀው፣ አንድ ክንዱ ተገንጥሎ፣ አንድ መስታወቱ ተሰንጥቆ፣ አሁን በክር ታስሮ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። «ወንበር ላይ መነጽር የሚያስቀምጥ ማነው?» ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ። «ሳያይ የሚቀመጥስ ማነው?» ብላት፣ «እንግዲያው ሁለታችንም አናይም ማለት ነው፣ ወንድምጋሼ» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ፊት አልቀረብሁም። የማነበው በማጉያ መስታወት ነው፤ ይህንንም የምጽፈው አፍንጫዬን ወረቀቱ ላይ ደፍቼ ነውና መስመሩ ቢንጋደድ እጄን አትውቀሺው።

አሁን ወደ ጣቢያው ልለፍ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የስርጭት ጉባኤው ሰብሳቢ ስላደረጉኝ እግሬ ከዚያ ግቢ አልራቀም። የካሴት ክፍሉን እያራቆቱት ነው። እኛ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃችን አቅፈን እናወጣቸው የነበሩትን ካሴቶች ዛሬ በጋሪ እየገፉ ያወጧቸዋል። ምስሉ ሰርቨር ወደሚሉት፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ ወደሚያጉረመርም ሣጥን ይገለበጣል፤ ካሴቱ ይጣላል። ግልበጣውን የወሰደው ኩባንያ አንቺ በባሕር ማዶ የምትሠሪበት ነው ሲሉኝ፣ ዓለም ምን ያህል ጠባብ ናት ብዬ ደነቀኝ።

ለአዲስ ነገር ጠላት አይደለሁም። ጥቁርና ነጭ በቀለም ሲተካ «ቀለም ውሸት ነው» ብለው ያለቀሱ ነበሩ፤ እኔ አላለቀስሁም። አሁን ግን የሰውን መልክና ድምፅ ከአሮጌ ምስል ለቅሞ፣ ያልተናገረውን የሚያናግር መሣሪያ መጥቷል። ጣቢያውም ገዝቶታል። ጉባኤው ፊት ያቀረብሁት ሐሳብ አንድ ነው፤ በዚህ መሣሪያ የተሠራ ምስል ሁሉ በማያው ጥግ ላይ ምልክት ይኑረው፣ ተመልካች የተሠራውን ከተቀረጸው ይለይ። ውሳኔውን የካቲት መባቻ ላይ በቀጥታ ስርጭት ራሴ አነበዋለሁ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ማንን ያስከፋል ብዬ ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ሰዎች ሲሰናበቱኝ እጄን ከወትሮው ረዘም አድርገው ይይዙኛል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቤት ያለው የካሴት ማጫወቻዬ ራስ፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበው ክፍሉ፣ አልቋል። እዚያ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ብታገኚልኝ፣ ካሴቶቹ ሳይጣሉ ጥቂቶቹን ለመጨረሻ ጊዜ ባያቸው ደስ ይለኛል።

ሰላምሽ ይብዛ።

አጎትሽ

*

ጥቅምት 18 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፤

ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስዎ። እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን እንድታይም አደራ ይበሉልኝ።

የማጫወቻውን ራስ አንድ ጥገና ቤት ውስጥ አግኝቼ ልኬያለሁ። ሻጩ ሽማግሌ «ይህን የሚጠይቅ ሰው ገና አለ?» ብሎ ሊስመኝ ምንም አልቀረው። የዓይንዎን ልክም ጽፈው ይላኩልኝ፤ መነጽሩን ለእኔ ይተዉት።

እኔ የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ማያ ፊት እንቀመጣለን። የእርስዎ ጣቢያ ሥራ ለእኔ የተሰጠው ቋንቋውን የማውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። የሚደርሰኝን ፊልም ሁሉ አይቼ ምን እንደሆነ እሰይማለሁ፤ «ዜና»፣ «ድራማ»፣ «ቀጥታ»፣ «የተሠራ»። እርስዎ የሚሟገቱለት ምልክት እኮ እዚህ ሥርዓቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ያለ ነው፤ በሌሎች አገሮች ሕግ ሆኗል። እኔ «የተሠራ» ያልኩት ፊልም በየትም ቦታ ሲተላለፍ ጥጉ ላይ ትንሽ ነጭ ክብ ይወጣል። ያንን ማስፋቅ የብዙ አለቆች ፈቃድ ይጠይቃል።

ባለፈው ሳምንት «ዝግ መደርደሪያ» የሚባል ስብስብ ደረሰኝ። ከፈትኩት። በሕይወት ያሉ የታላላቅ ሰዎች ዜና ዕረፍት ነው! ዶክተሩ አሉ፣ ሽማግሌው ዳኛ አሉ፤ ከዚያም እርስዎ አሉ። ደንግጬ ስነሣ አጠገቤ ያለችው ልጅ «ምን ነካሽ?» አለችኝ። «አጎቴ ሳይሞቱ መርዷቸውን ሰማሁ» ተብሎ ለባዕድ እንዴት ይነገራል? «ወንበሩ ቆረቆረኝ» አልኳት።

በኋላ ለራሴ ሳቅሁ፤ ጋዜጠኞች አስቀድመው እንደሚያዘጋጁ ሰምቻለሁና። ያልገባኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በአሮጌዎቹ ፊልሞች ላይ ከስሙ በኋላ ድምፁ ይጠፋና ዝም ይላል። ብልሽት ነው ወይስ ሆን ተብሎ? ሁለተኛ፣ የእርስዎን የሚያነበው የድሮ ባልደረባዎ ጋሽ ነጎድጓድ ነው። ፊልሙ ግን ዘንድሮ የተሠራ ነው። ጋሽ ነጎድጓድ ሲቀበር እርስዎ ንግግር ሲያደርጉ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ታዲያ ማን አነበበው?

ዛሬም ያው ጥያቄዎ

*

ኅዳር 12 ቀን

ለጥያቄዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የማጫወቻው ራስ በደህና ደርሷል፤ ሻጩን ስለ እኔ ሳሚልኝ። የዓይኔን ልክ ሐኪሙ ጽፎልኝ በዚህ ፖስታ ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ዝምታው ብልሽት አይደለም። ዝግ መደርደሪያ በእኛ ጊዜ አንድ የብረት ቁም ሣጥን ነበር፣ ቁልፉም ከተረኛው አዘጋጅ አንገት አይወርድም። አንድ የማይጣስ ደንብ ነበረን፤ በሕይወት ላለ ሰው በሚሠራ ፊልም ላይ ሁለት ዝምታ ይተዋል። አንዱ ለቀኑ ነው፣ አንዱ ለምክንያቱ። ቀኑ ሲደርስ ተረኛው አንባቢ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ሁለቱን በራሱ አፍ ይሞላቸዋል። «ሞትን በካሴት አንቀድመውም» እንል ነበር። ዝምታው ባዶ እስከሆነ ድረስ ሰውየው አለ ማለት ነው።

የራሴን ፊልም ነጎድጓድ በሕይወት ሳለ አብረን አይተነዋል፤ እንባችን እስኪወርድ ነበር የሳቅነው። «እንዲህ ደግ ሰው መሆንህን ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ አከብርህ ነበር» አለኝ። ያኔ ሁለቱም ዝምታ በቦታቸው ነበሩ። ያንን ዛሬ እንደ አዲስ የሚሠራበት ምክንያት አልታየኝም።

ነጎድጓድ «ክቡር» የሚለውን ቃል ከመጥራቱ በፊት እንደ ወናፍ አየር ይስብ ነበር፤ ስንት ጊዜ ገሥጬው አልተወም። እስኪ መልሰሽ አዳምጪው። አየር ይስባል? ከዚያም የእኔ ፊልም ላይ ሁለቱ ዝምታዎች መኖራቸውን ንገሪኝ። ካሴቱ ይቆየኝ፤ አሁን የምለምንሽ ይህንን ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ባለፈው ሰኞ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ማይክሮፎን እንዴት እንደሚያዝ ያስተማርሁት፣ ፊቱ ሁልጊዜ ፈገግታ የማይለየው፣ እሱ ነው። ፍራፍሬ በቅርጫት ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ አዲሱ ስቱዲዮ ውስጥ ለአንድ ጠዋት ቢቀመጡልን? ጥቂት ዓረፍተ ነገር ማንበብ፣ ፊትዎን ወዲህና ወዲያ ማዞር ብቻ ነው። ለታሪክ እንዲቀመጥ።»

«ለታሪክ የሚሆን ካላችሁማ ካሴቶቼን አትጣሉ» አልሁት።

ሳቀ። «የእርስዎ ነገር! እሺ፣ ደስ እንዳለዎት። ባይቀመጡልንም ምስልዎ ሞልቶናል።»

ከዚያ ተነሣና እንደ ሌሎቹ እጄን ይዞ ቆየ። «ጤናዎን ግን ይጠብቁ፣ ጋሼ። ከሲታ ሆነዋል።» እናትሽ በሩን ከዘጋች በኋላ «ደግ ልጅ ነው» አለች። ፍራፍሬውን ግን ሁለታችንም አልነካነውም።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 9 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎና ለእማዬ ይሁን። ዛሬ ቀልድ አላመጣሁም፣ ይቅር ይበሉኝ።

አየር አይስብም። ደጋግሜ ሰማሁት። ድምፁ የእሱ ነው፣ ክብደቱም የእሱ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ አይተነፍስም።

የቀኑ ዝምታ በቦታው አለ። የምክንያቱ የለም። ቃል በቃል የሚለውን ልጻፍልዎ፦ «ክቡር የስርጭት ጉባኤ ሰብሳቢ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…» ከዚያ ለቀኑ ዝም ይላል፤ ቀጥሎም «ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።»

የሌሎቹን ሁሉ ከፍቼ አየሁ። ዶክተሩ፣ ዳኛው፣ ሁሉም ሁለቱም ዝምታ አላቸው። የተሞላው የእርስዎ ብቻ ነው።

አጎቴ፣ ታመው ነው? ታመው ከደበቁኝ እቀየማለሁ፤ ግን እንዲያ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ። እርስዎ እኮ ከጉንፋን በቀር ሐኪም ቤት የማይረግጡ ሰው ነዎት።

አለቃዬን «ይህን ፊልም ያዘዘው ማነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ደንበኛ የላከውን እንሰይማለን እንጂ አንመረምርም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲያልፍ ማያዬን ያያል።

እባክዎ እማዬን ይዘው ወደ እኔ ይምጡ። የእኔ ቤት ጠባብ ናት፣ ግን ለሦስት ሰው አታንስም። ውሳኔውን ሌላ ሰው ያንብበው። ለአንዲት ትንሽ ነጭ ክብ ሲሉ ይህን ሁሉ መጋፈጥ ምን ይባላል?

ጥያቄዎ

*

ጥር 3 ቀን

ለተወደድሽው ጥያቄዬ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ በፖስታ ደርሶኛል። ከእኔ በፊት ግን ሌላ ሰው ዘንድ ደርሶ ነበር፤ ማጣበቂያው እርጥብ ነው፣ የፖስታው ከንፈርም ተሸብሽቧል። ወረቀት ሲከፈት ያስታውቃል ብዬሽ አልነበር? ስለዚህ ይህን የምልክልሽ የላክሽልኝን መነጽር በእጇ ባመጣችልን ሴት ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ጣቢያው በፖስታም በስልክም አታንሺ። ጤናሽን ብቻ ጻፊልኝ።

መነጽሩ እንዴት ያምራል! ቀጭን የብር ክፈፍ፣ በአፍንጫ ላይ መኖሩም አይታወቅ። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን አጣሁት። እናትሽ ዞራ ዞራ አየችኝና «አሁን የባንክ ሰው መሰልክ» አለችኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ ገና አልወሰንሁም። ከእሷ በቀር እንዲህ ሆኜ ያየኝ የለም። አስቀምጬዋለሁ፤ በአደባባይ የማደርገው በውሳኔው ቀን ነው። አንቺም በዚያ ቀን ማያሽን ከፍተሽ እይኝ። ካየሽኝ በዚህ መነጽር ታዪኛለሽ።

አልታመምሁም። ሐኪሜ ዘንድ ለዚሁ ብዬ ሄጄ ተመርምሬአለሁ፤ «ከእኔ ይሻላሉ» ብሎኛል።

አልመጣም። ይህን ስጽፍ ፊትሽ እንደሚጠቁር ይታየኛል። ግን ስሚኝ። ስንት ዘመን «የምነግራችሁ እውነት ነው» በሚል ፊት ሰው ሳሎን ገብቻለሁ። ያ ፊት የእኔ ብቻ አይደለም፤ ያመኑኝም ድርሻ አላቸው። አሁን ያንን ፊት ማንም እንደ ኮት ከተሰቀለበት አንሥቶ የሚለብሰው ከሆነ፣ ቢያንስ የተዋሱት መሆኑ ይታወቅ። ትንሽ ክብ ነው ትያለሽ፤ በር የሚዘጋውም በትንሽ ቁልፍ ነው።

የድሮ ሾፌሬን ቀይረውታል። አዲሱ ትሑት ነው፣ በሩን ከፍቶ ይጠብቀኛል፤ የቤቴን መንገድ ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እናትሽ ይህን ሁሉ አታውቅም። እንዳታውቅም እፈልጋለሁ።

ተባረኪ። ጠያቂ አያሳጣን።

አጎትሽ

*

የካቲት 4 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፤

ባሉበት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ያሉበትን ስለማላውቅ ይህን ከማለት በቀር አልቻልኩም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ነው የምልከው፤ ከእርስዎ በፊት የሚከፍተው ሰው ካለ እሱም ያንብበው።

በቀጠሮው ቀን ማያዬ ፊት ነበርኩ። ጥጉ ላይ «ቀጥታ» ይላል። እርስዎ ወጡ። ሰማያዊ ኮትዎን ለብሰዋል፣ ድምፅዎ ጥርት ያለ ነው፣ እንደ ልማድዎ ከመጀመርዎ በፊት ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጉ። «ጉባኤው በጉዳዩ ላይ በጥልቀት ከመከረ በኋላ ምልክቱ አላስፈላጊ ሆኖ ስላገኘው ሐሳቡን ውድቅ አድርጎታል» አሉ። ቃሉን አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። የማየው ዓይንዎን ነበር። ወፍራሙን ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ክንዱ ሙሉ ነው፣ መስታወቱም አልተሰነጠቀም።

ወዲያው ለእማዬ ደወልኩ። ስታነሣው ድምፅዋ ደስተኛ ነበር።

«አየሽው?» አለችኝ። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ልቤ ተሰቅሎ ነው የዋለው።»

«ለምን፣ እማዬ?»

«ጠዋት ከቢሮው መኪና ጋር ሁለት ሐኪሞች መጡ። ‹ከስርጭቱ በፊት ግፊትዎን እንለካ› አሉት፣ ለኩት፣ ‹ከፍ ብሏል፣ ሕክምና ያስፈልግዎታል› ብለው ይዘውት ሄዱ። ቁርሱን እንኳ አልጨረሰም።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ያንን የላክሽለትን መነጽር ሲወለውል ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ‹ወንድምጋሼ፣ መነጽርህን!› እያልኩ በር ድረስ ተከተልኩት። እጄ ላይ እያየው፣ ‹ተይው፤ ጥያቄ ስትደውል እዚህ እንዳለ ንገሪያት› አለኝ። እዚሁ አለ፣ እያየሁት ነው። አሁን በቴሌቪዥን ሳየው ግን ነፍሴ መለስ አለች። ድኖ ባይሆን አያናግሩትም ነበር።» ከዚያ መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። «ብቻ… ጥያቄ፣ ያንን መነጽር ከየት አመጣው? የተሰበረው እኮ በክሩ እንደታሰረ እዚህ ነው።»

ምን ልበላት፣ አጎቴ? «ተመሳሳይ ገዝተውለት ይሆናል» አልኳት። «ይሆናል» አለች። በሩን ቆልፋ ወደ ጎረቤት እንድትሄድ ለመንኳት፤ እሺ ብላኛለች።

የሕክምና ቦታዎቹን ሁሉ በየተራ ደውዬ ጠየቅኩ። በስምዎ የገባ ሰው የለም ይላሉ። ሥራ አስኪያጁን ራሱን አገኘሁት፤ ሲናገር ፈገግታው በስልክ ይሰማል። «አጎትሽ ደህና ናቸው፣ በቴሌቪዥን አላየሻቸውም?» አለኝ።

በማግሥቱ ያ ንግግር እንዲሰየም ወደ እኔ ማያ መጣ። ከጣቢያው «ቀጥታ» ተብሎ ተሞልቶ ነው የተላከው፤ ከእኔ የሚጠበቀው ማጽደቅ ብቻ ነበር። አለቃዬ ከኋላዬ ሲያልፍ እርምጃው ሲዘገይ ሰምቻለሁ። ከዚያ «ቀጥታ» የሚለውን አጥፍቼ «የተሠራ» ብዬ አጸደቅኩት። ትናንት ጣቢያው ንግግሩን ደገመው። ከጥቁሩ መነጽር በላይ፣ በማያው ጥግ ላይ፣ ትንሿ ነጭ ክብ ወጥታ ነበር። አየኋት። እኔ ካየኋት ሌላም ሰው አይቷታል፤ ያየም ይጠይቃል።

ዛሬ ጠዋት መግቢያ ካርዴ በሩን አልከፍትልኝ አለ። ዘበኛው «ስሕተት ይሆናል» ብሎ በራሱ ካርድ አስገባኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ መጀመሪያ የከፈትኩት ዝግ መደርደሪያን ነው። ፊልምዎን እስከ ስምዎ፣ እስከ ሕክምናው ድረስ አዳመጥኩ፤ ከዚያ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

የቀኑ ዝምታ ባዶ ነው። ባዶ እስከሆነ ድረስ አሉ ማለት ነው፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።

መነጽሩን እማዬ እየወለወለች ታስቀምጥልዎታለች። ነገ በሩን ከከፈቱልኝ፣ ነገም ገብቼ አዳምጣለሁ።

ጥያቄዎ